የኮምፒዩተር መረብ የመግቢያ ደንብና አፈራረዱ
ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የተዘጋጀ ትምህርት

ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ ሀብቱን የሚጠብቀው በቁልፍና በታማኝ ሰው ነው። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በግምጃ ቤት ጠባቂው፣ የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ በገንዘብ ያዡ፣ የቼኩ ደብተርም በሒሳብ ሹሙ እጅ እንዲሆን የሚደረገው ሠራተኞቹ ስለሚታሙ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለተመደበበት ሥራ የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲይዝ ነው እንጂ። ዛሬ ግን የንግድ ቤት ሀብት ከሣጥንና ከግምጃ ቤት አልፎ፣ ኔትወርክ በሚባለው የኮምፒዩተር መረብ ውስጥ ገብቷል። የደንበኞች ዝርዝር፣ የዕቃ መግዣ ዋጋ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የባንክ ደብዳቤና የሠራተኞች ደመወዝ ሁሉ በዚያው ይገኛሉ። ስለዚህ በመረቡ ውስጥ ማን ወዴት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ሳይሆን የባለ ንብረቱም ጉዳይ ሆኗል።

ብዙ የንግድ ቤቶች ይህን የሚወስን ደንብ አላቸው። ነገር ግን ደንብ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው ያንን ደንብ አንብቦ እንዴት እንደሚፈርድ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቃላቸው አንድ የሆነ አንቀጾች በሁለት የተለያዩ የአፈራረድ ሥርዓቶች ቢመረመሩ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ ሊሰጡ ይችላሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ባለ ንብረቱ የደንቡን ቃል ብቻ ሳይሆን የፍርዱን አካሄድ ሊያውቅ ይገባዋል።

የሥራ ድርሻ ምን ማለት ነው?

በቀድሞው ልማድ ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ነበር። 30 ሠራተኞችና 10 የተለያዩ የመረጃ ቦታዎች ያሉት አንድ የንግድ ቤት በዚህ መንገድ ቢሄድ፣ 300 ጊዜ ይፈቀድ ወይም ይከልከል ብሎ መወሰን አለበት። አንድ ሰው ሥራ በለወጠ ቁጥርም እንደ አዲስ መመርመር ያሻል። ብዙውን ጊዜ አዲሱ ፈቃድ ይጨመራል፤ የቀድሞው ግን ሳይነሣ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ አንድ አሮጌ ሠራተኛ ሥራ አስኪያጁ እንኳ የማያውቃቸውን በሮች ሁሉ የሚከፍት ሆኖ ይገኛል።

ይህን ችግር ለማስወገድ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በሥራ ድርሻ ላይ የተመሠረተውን የፈቃድ አሰጣጥ በሥርዓት ጽፈው አቀረቡ። አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፈቃድ ለሰው አይሰጥም፣ ለሥራ ድርሻ ይሰጣል እንጂ፤ ሰውም ወደ ሥራ ድርሻው ይመደባል። ከላይ በተጠቀሰው ቤት የሥራ ድርሻዎቹ አምስት ቢሆኑ፣ ይኸውም ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ፣ ሽያጭ፣ ግምጃ ቤትና እንግዳ ቢባሉ፣ የሚወሰነው 300 ጊዜ መሆኑ ቀርቶ 50 ጊዜ ይሆናል። ሻጩ ወደ ግምጃ ቤት ሲዛወር የሚለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የቀድሞ ፈቃዱም ከቀድሞ ድርሻው ጋር አብሮ ይቀራል።

ፍርዱ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

አንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን ከመረቡ ጋር ሲያገናኝ ሦስት ወገኖች ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ጠያቂው ኮምፒዩተር ነው። ሁለተኛው በረኛው ነው፤ ይኸውም ስዊች የሚባለው የሽቦ ማገናኛ ወይም የዋይፋይ ማሠራጫው ነው። ሦስተኛው ፈራጁ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ራዲየስ ሰርቨር የሚባለው ነው። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው 802.1ኤክስ የተባለው ደረጃ እነዚህ ሦስቱ እንዴት እንደሚነጋገሩ ይደነግጋል። በረኛው በራሱ አይፈርድም፤ የጠያቂውን ቃል ለፈራጁ ያደርሳል፤ መልሱ እስኪመጣም ድረስ በሩን ዘግቶ ይጠብቃል።

ፈራጁ ነገሩን የሚመረምረው በቅደም ተከተል ነው።

1ኛ/ ማንነት፤ ጠያቂው ነኝ ያለውን ሰው መሆኑ በይለፍ ቃል ወይም በኤሌክትሮኒክ የምስክር ወረቀት ይረጋገጣል።

2ኛ/ ሁኔታ፤ የመጣው ከየትኛው ቅርንጫፍ ነው? በሽቦ ነው ወይስ በዋይፋይ? መሣሪያው የቤቱ ነው ወይስ የግል? ሰዓቱስ የሥራ ሰዓት ነውን?

3ኛ/ የሥራ ድርሻ፤ ከማንነቱና ከሁኔታው ተነሥቶ አንድ የሥራ ድርሻ ይሰጠዋል። አንድ ሒሳብ ሹም በቤቱ ኮምፒዩተር ሲመጣ የሒሳብ ድርሻውን ያገኛል፤ ያው ሰው በግል ስልኩ ሲመጣ እንደ እንግዳ ሊቆጠር ይችላል።

4ኛ/ አፈጻጸም፤ ፈራጁ ለበረኛው ውሳኔውን ይልካል። በረኛውም ጠያቂውን ቪላን ወደሚባል የተከለለ የመረብ ክፍል ያስገባዋል፤ ወይም ለድርሻው የተጻፉትን የመተላለፊያ አንቀጾች ያደርግበታል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደንቡ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ነው። አንደኛው በመግቢያው ላይ ድርሻ የሚሰጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከገባ በኋላ ወዴት መሄድ እንደሚችል የሚወስነው ነው። አንደኛው ከተሳሳተ ሁለተኛው የቱንም ያህል ቢጠነክር ዋጋ የለውም፤ ለእንግዳ የሥራ አስኪያጅ ካባ ተደርቦለት ከገባ፣ በውስጥ ያሉት በሮች ሁሉ በክብር ይከፈቱለታልና።

ደግሞም ስለ ራሳቸው መመስከር የማይችሉ መሣሪያዎች አሉ። አንዳንድ የማተሚያ መሣሪያዎችና የጥበቃ ካሜራዎች የይለፍ ቃል ሲጠየቁ የሚመልሱት ስለሌላቸው፣ የሚታወቁት ማክ አድራሻ በሚባለው ቁጥራቸው ነው። ይህን ቁጥር ማንም በቀላሉ አስመስሎ ሊያቀርበው ይችላል። ስለሆነም የእነዚህ ድርሻ ከሁሉም የጠበበ መሆን አለበት፤ ካሜራው ሥዕል ወደሚያስቀምጥበት ቦታ ብቻ ይድረስ እንጂ ሒሳብ ክፍልን ሊያይ አይገባውም።

የአንቀጾች ቅደም ተከተል

በስዊቾች፣ በራውተሮችና በመረብ መከላከያ መሣሪያዎች ዘንድ እጅግ የተለመደው አፈራረድ የመጀመሪያው ተስማሚ አንቀጽ ይጽና የሚለው ነው። መሣሪያው ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይወርዳል፤ ለጉዳዩ የሚስማማ አንቀጽ ሲያገኝ በዚያው ይፈርዳል፤ ከዚያ በታች ያለውን ፈጽሞ አያነብም። አንድ አስመጪ የንግድ ቤት የሚከተለውን ደንብ ጻፈ ተብሎ ቢታሰብ፦

አንቀጽ 1. ማናቸውም የቤቱ ሠራተኛ በዋናው መሥሪያ ቤት ወዳሉት ሰርቨሮች ሁሉ መድረስ ይፈቀድለታል።
አንቀጽ 2. የሽያጭ ሠራተኛ ወደ ሒሳብ ሰርቨር መድረስ ይከለከላል።
አንቀጽ 3. እንግዳ ወደ ኢንተርኔት ብቻ መውጣት ይፈቀድለታል።
አንቀጽ 4. ከዚህ በላይ ያልተጠቀሰው ሁሉ ይከለከላል።

ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ ሻጮች ወደ ሒሳብ ሰርቨር አይደርሱም ብሎ ይረዳል። ምክንያቱም የሰው ልማድ፣ የሕግ ዐዋቂዎችም ሥርዓት፣ ልዩው ድንጋጌ ከጠቅላላው ይበልጣል የሚል ስለ ሆነ ነው። መሣሪያው ግን ይህን ሥርዓት አያውቅም። ሻጩ ወደ ሒሳብ ሰርቨር ሲሄድ በመጀመሪያ አንቀጽ 1ን ያገኛል፤ ሻጭ የቤቱ ሠራተኛ ነውና አንቀጹ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ይፈቀድለታል፤ ፍርዱም በዚሁ ያበቃል። አንቀጽ 2 በወረቀት ላይ ይኖራል እንጂ በሥራ ላይ የሞተ ነው።

መድኃኒቱ ልዩውን ከጠቅላላው በላይ መጻፍ ነው። አንቀጽ 2 ወደ አንደኛው ስፍራ ቢወጣ፣ ከቃላቱ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ፣ ፍርዱ ሌላ ይሆናል። ባለሙያው አንድ አዲስ አንቀጽ ሲጨምር፣ ምን አለ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው በላይ ተቀመጠ ተብሎ ሊጠየቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ሁለት ድርሻ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ

በአነስተኛ የንግድ ቤት አንድ ሰው ሁለት ሥራ መያዙ የተለመደ ነው። አንዲት ሠራተኛ ጧት በሱቁ ስትሸጥ ውላ ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ክፍልን ትረዳለች። ደንቡም የሒሳብ ሠራተኛ ወደ ሒሳብ ሰርቨር ይደርሳል፤ የሽያጭ ሠራተኛ ግን ይከለከላል ይላል። ታዲያ ይህች ሠራተኛ ትደርሳለች ወይስ አትደርስም? መልሱ በአፈራረዱ ሥርዓት ላይ ይወሰናል።

የመጀመሪያው ተስማሚ አንቀጽ በሚጸናበት ሥርዓት፣ ፈቃጁ አንቀጽ ከላይ ከሆነ ይፈቀድላታል፤ ከልካዩ ከላይ ከሆነ ትከለከላለች። ከዚህም ሌላ ብዙ የመረብ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ድርሻ አይሰጡም፤ ስለዚህ ነገሩ አስቀድሞ በመግቢያው ላይ፣ ድርሻ በሚሰጥበት ሰንጠረዥ ቅደም ተከተል ያልቃል።

ክልከላ በሚበልጥበት ሥርዓት፣ ቅደም ተከተሉ ምንም ቢሆን፣ አንድ ግልጽ ክልከላ ከተገኘ ብዙ ፈቃዶች አያድኑም። የአማዞን ኩባንያ የኮምፒዩተር አገልግሎት የፈቃድ ሥርዓት በዚህ መንገድ ይሄዳል። በዚህ አፈራረድ ሠራተኛይቱ ሁልጊዜ ትከለከላለች።

ፈቃዶች በሚደመሩበት ሥርዓት ግን ሰውየው የድርሻዎቹን ፈቃድ ሁሉ ደምሮ ያገኛል። ኩበርኔትስ የተባለው የሰርቨሮች ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የሥራ ድርሻ ደንብ እንዲህ ያለ ነው፤ ፈቃድ ብቻ ይጻፍበታል፣ የክልከላ አንቀጽ ጭራሽ የለበትም። በዚህ አፈራረድ ሠራተኛይቱ ሁልጊዜ ይፈቀድላታል፤ ሊከለክላት የሚሻ ሰውም የሒሳብን ድርሻ ከእርስዋ ላይ ከማንሣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ሦስቱም ሥርዓቶች በየቦታቸው ትክክለኞች ናቸው። አደጋ የሚመጣው ባለ ንብረቱ አንዱን እያሰበ መሣሪያው በሌላው ሲፈርድ ነው። ኤክስ ኤ ሲ ኤም ኤል የተባለው የደንብ መጻፊያ ቋንቋ የግጭት አፈታቱን በስሙ ጠርቶ በደንቡ ውስጥ እንዲጻፍ የሚያደርገውም ይህን ለማስወገድ ነው።

አንዳንድ ድርሻዎች ደግሞ ከናካቴው በአንድ ሰው ላይ መገናኘት የለባቸውም። ቼክ የሚያዘጋጀውና የሚፈርመው ሁለት ሰዎች መሆን እንዳለባቸው ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ከላይ የተጠቀሰው የ2004 ደረጃም ለዚህ ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው መንገድ ሁለቱ ድርሻዎች ለአንድ ሰው ፈጽሞ አይሰጡም፤ በሁለተኛው ሰውየው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ ሊሠራባቸው አይችልም።

ደንቡ ዝም ሲል

የአንድ ደንብ ጥንካሬ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ስላልተጠቀሰው ጉዳይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በብዙ ራውተሮች የመተላለፊያ አንቀጾች መጨረሻ ላይ፣ ባይጻፍም እንኳ፣ ያልተፈቀደው ሁሉ የተከለከለ ነው የሚል ስውር አንቀጽ አለ። ነገር ግን ሁሉም መሣሪያ እንዲህ ነው ብሎ መተማመን አይገባም፤ የመጨረሻው አንቀጽ በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ዝምታ የፈራጁ ዝምታ ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም መስመር ተቋርጦ ሰርቨሩ መልስ ባይሰጥ በረኛው ምን ያደርጋል? በሩን ቢዘጋ ሱቁ መሸጥ ያቆማል፤ በሩን ቢከፍት ማንም ይገባል። አስተዋይ ባለ ንብረት መካከለኛውን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሽያጭ መመዝገቢያዎች ብቻ ወደሚያስፈልጋቸው ቦታ እንዲደርሱ ያደርጋል፤ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል።

ሦስተኛው የጊዜ ዝምታ ነው። ፍርድ የሚሰጠው በመግቢያው ሰዓት ስለ ሆነ፣ ጧት ገብቶ ረፋድ ላይ የተሰናበተ ሠራተኛ ስሙ ከመዝገብ ቢሰረዝም ቀድሞ በተሰጠው ፈቃድ ሊቆይ ይችላል። ይህ እንዳይሆን በየተወሰነ ሰዓት እንደገና የሚያስፈርድ ቀነ ገደብ መወሰን፣ ወይም ፈራጁ ወዲያውኑ ግንኙነቱን እንዲቆርጥ በረኛውን የሚያዝበትን አሠራር ማስገባት ያስፈልጋል።

ከአንድ ታላቅ መደብር የተገኘ ትምህርት

ታርጌት የተባለው የአሜሪካ ታላቅ የመደብር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የደረሰበት ጉዳት ለዚህ ትምህርት ምስክር ነው። ሌቦቹ በመጀመሪያ የገቡት በኩባንያው ሠራተኛ ስም አልነበረም፤ የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራ የውጭ ተቋራጭ የተሰረቀ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይዘው ነው። ተቋራጩ ወደ መረቡ እንዲገባ የተፈቀደለት የክፍያ ሒሳብ ለማቅረብና የውል ጉዳዮችን ለመፈጸም ነበር። ሌቦቹ ግን ከዚያ ተነሥተው እስከ ሽያጭ መመዝገቢያዎቹ ድረስ ዘለቁ፤ እዚያም የክፍያ ካርዶችን ቁጥር የሚሰበስብ ፕሮግራም ተከሉ። ከኅዳር 27 እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ 40 ሚሊዮን የሚያህሉ ካርዶች ቁጥር ተወሰደ፤ እስከ 70 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች የግል መረጃም ተነካ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከ47 የአሜሪካ ግዛቶችና ከዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር ጋር በ18.5 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ተቋራጭ አይግባ የሚል አይደለም። የይለፍ ቃል ሊሰረቅ ይችላል፤ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ግን ከድርሻው ወሰን አልፎ እንዳይሄድ ማድረግ ይቻላል። ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ድርሻ ከካርድ መመዝገቢያ ጋር በምንም አኳኋን የሚገናኝ አልነበረም።

ደንቡን ስለ መፈተን

ደንብ የሚታመነው ተፈትኖ ነው። በንግድ ቤቶች የሚታየው የተለመደ ጉድለት መከፈት ያለበት መከፈቱ ብቻ መታየቱ ነው። መከፈት ያለበት ባይከፈት ሠራተኛው ወዲያው ይጮኻል፤ መዘጋት ያለበት ባይዘጋ ግን የሚጮኽ የለም። ስለዚህ የሚከተለው ይመከራል።

1ኛ/ በአንድ ገጽ ላይ ሰንጠረዥ ይሠራ። በአንድ በኩል ድርሻዎቹ፣ በሌላው በኩል የመረጃ ቦታዎቹ ይጻፉ፤ በየመገናኛቸውም ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል የሚለው ይሞላ። ይህን የሚሞላው ባለሙያው ሳይሆን ሥራ አስኪያጁ ነው።

2ኛ/ በየድርሻው አንድ የመፈተኛ ስም ተከፍቶ፣ ከሰንጠረዡ የተፈቀደውም የተከለከለውም በተግባር ይሞከር፤ ውጤቱም ይመዝገብ።

3ኛ/ ብዙ መሣሪያዎች እያንዳንዱ አንቀጽ ስንት ጊዜ እንደ ሠራ ይቆጥራሉ። ከአንድ ወር በኋላ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ አንቀጽ ቢገኝ፣ የማያስፈልግ ወይም ከላዩ ባለ አንቀጽ የተሸፈነ ሊሆን ይችላልና ይመርመር።

4ኛ/ ሁለት ድርሻ የያዙ ሰዎች ስም ዝርዝር ይውጣ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ፍርዱ እንዴት እንደሚሰጥ ባለሙያው በቃል ሳይሆን አሠርቶ ያሳይ።

5ኛ/ በየሦስት ወሩ፣ እንዲሁም ሠራተኛ በተቀጠረ፣ በተዛወረና በተሰናበተ ጊዜ ሁሉ፣ የምደባው መዝገብ ከሠራተኞች መዝገብ ጋር ይመሳከር። የተቋራጮች ድርሻም ውላቸው ባለቀበት ቀን ያብቃ።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የታወጀው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የታወጀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ ሁሉ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ሕግ ግን የሚደርሰው ከጥፋት በኋላ ነው፤ የመረቡ ደንብ አስቀድሞ ይደርሳል። ለነጋዴ ደግሞ ከካሳ ይልቅ ያልጠፋ ገንዘብ ይሻላል።

በማጠቃለያው፣ ባለ ንብረቱ ለባለሙያው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። ይህ ሰው ድርሻውን በምን ማስረጃ አገኘ? ሁለት አንቀጾች ቢጋጩ የትኛው ይጸናል? ምንም አንቀጽ ባይስማማ ምን ይሆናል? ፈራጁ መልስ ባይሰጥስ በሩ ይዘጋል ወይስ ይከፈታል? ለእነዚህ ግልጽ መልስ ያገኘ የንግድ ቤት ደንቡን በእጁ ይዞታል፤ መልስ ያላገኘ ግን ደንቡ ምን እንደሚፈቅድ ገና አያውቅምና ሰንጠረዡን ዛሬውኑ ቢጀምር ይበጀዋል።